ሽምግልናውን እምቢ ያልኩበት የሕፃናት ማቆያ

በሶዶ ከእኔ የበለጠ አስታራቂ ካለ እስካሁን አላየሁትም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ሁምቦ ገበያ ላይ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እየለቀምኩ ፊደል ለየሁ፤ ኋላም የሕግ መጽሐፍ ሳይቀር ብቻዬን አንብቤ ጨረስኩ። የድንበርም ሆነ የውርስ ጠብ ፊቴ ቀርቦ ሳይፈታ የቀረ የለም። የሚያውቁኝ ያውቁታል። አላስታርቅም ብዬ የመለስኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇን ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ባለ የሕፃናት ማቆያ ታውላት ነበር። የማቆያው ባለቤት የእኛው ጎሳ ሴት ናት፤ በቤተ ክርስቲያንም የተከበረች ዘማሪ።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሎን ውስጥ ስትጫወት አየኋት። የበቆሎ እሸት በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አስተኛች። ከዚያ በሻሽ ቅዳጅ ከወንበሩ እግር ጋር አሰረቻት። “ዝም በይ! ተኚ!” አለቻት በወላይትኛ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ አልነበረም።

የልጅቷን ካልሲ አወለቅሁ። በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቀይ መስመር አለ፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ሌላ የደረቀ መስመር።

“የማቆያው ባለቤት ትንኝ ነው ብላኛለች፣ አባዬ” አለች ልጄ።

“ትንኝ ቀለበት ሠርቶ ይነክሳል እንዴ?”

ልጄ በስልኳ የልጇን እግር ፎቶ አነሳች።

ሰኞ ልጅቷን ቤት አስቀርተን፣ እኔ ቀትር ላይ ሳልነግር ወደ ማቆያው ሄድኩ። ባለቤቲቱ በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ለስላሳ ከፈተችልኝ። ወደ ውስጥ ግን “ተኝተዋል” ብላ አላስገባችኝም። ያን ያህል ሕፃን ያለበት ቤት ሳል እንኳ አይሰማበትም። ስለ ልጅቷ እግር ስጠይቃት ትንኙን ትታ “አባባ፣ አንዳንዴ እንዳይወድቁ ብለን...” ብላ አቆመች። ለስላሳውን ሳልነካ ወጣሁ።

ማምሻውን ሦስት ሽማግሌዎች ሴትዮዋን ይዘው ቤቴ መጡ። እኛ ጋ ወጉ እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ከሰፈር ሳይወጣ በሽማግሌ ይያዛል፣ ያጠፋ ያምናል፣ ይጸለያል፣ ይታረቃሉ። ከባድ ሲሆን ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል።

“ጋሼ” አለኝ ከሦስቱ ታናሽ የሆነው፣ “የማቆያው ሠራተኛ ናት ልጅቷን ያሰረቻት፤ እህታችንም እያየች እንዳልከለከለች አምናለች። ይቅርታ ትጠይቅና እርስዎ ያስታርቁ። ከእርስዎ ሌላ ማን ይችላል?”

“ማንም አይችልም” አልኩት። እውነቴን ነው።

ሴትዮዋ ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ተነሳች። ልጄም ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ “ዘመዳችን ናት፣ አባዬ። ይቅር እንበላት፤ እኔም ልጄን ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ” አለች። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር። ሌሎቹ ሕፃናት ግን ጠዋት ተመልሰው እዚያው ይገባሉ።

“ለእርቅ ስንቀመጥ በዳይ በዚህ፣ ተበዳይ በዚያ ይሆናል” አልኩ። “ተበዳይዋን የት ላስቀምጣት? ጓዳ ተኝታለች። የሌሎቹንስ ቤተሰብ ማን ጠራ?”

“አንተ ስለ እሷ ትናገራለህ” አለ እኩያዬ የሆነው ሽማግሌ።

“ዳኛም ከሳሽም ልሁን?”

“ዕድሜህን ሙሉ ሁሉንም ስትሆን ኖረህ የለም?”

ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ጠዋት ለመንግሥት እንደማመለክት ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቴ ሽማግሌ ሳይጸልይ ወጣ።

በነጋታው ከልጄና ከልጇ ጋር ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሄድን። የተቀበለችን ወጣት ባለሙያ ናት። “ሕፃኗን እኔ ልጠይቃት” አልኳት። “እኔ ስጠይቅ የማይናገር ሰው የለም።”

“አባቴ፣ የማይጠይቋትም ለዚህ ነው” አለችኝ። “ሕፃን ደጋግመው ሲጠይቁት እኛ የምንፈልገውን መናገር ይጀምራል። እርስዎ ያዩትን ብቻ እንዳዩት ይንገሩኝ።”

ይህን ቀድሜ አውቀው ነበር አልልም፤ ግን ወዲያው ገባኝ። ያየሁትን ነገርኳት። ልጅቷ በሆስፒታል ታየች፤ የዚያኑ ቀን ፖሊስና የቢሮው ሰዎች ማቆያው ሲገቡ ሁለት ሕፃናት በነጠላ ከአልጋ ጋር ታስረው አገኙ። ቤቱ ታሸገ። ሴትዮዋና ሠራተኛዋ ተያዙ፤ ጉዳዩ አሁንም በፍርድ ቤት ነው።

ሰፈሩ አላመሰገነኝም። ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ልጇ እዚያው ማቆያ ይውል ነበር።

“አባባ፣ እሰይ! አዘጉልኝ። አሁን ልጄን ቲማቲሙ ላይ ልዘርጋው ወይስ እርስዎ ያዝሉታል?”

“አዝለዋለሁ።”

“ጀርባዎ ጉራውን ከቻለ ይበቃዋል!” ብላኝ ሄደች። ቆመው ይሰሙ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቺው ሴት ልጇን አቅፋ በሬን አንኳኳች። የልጁን እጅ በነጠላዋ ሸፍናለች። “ማታ ማታ እየጮኸ ይነሳል” አለች ቀና ሳትል። “እርስዎ ያውቃሉና እጁን ይዩልኝ።”

ማወቁን አውቃለሁ። ግን ነጠላውን አልገለጥኩም፤ ልጁንም አንዲት ቃል አልጠየቅሁትም። ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩና ወደ ቢሮው እንዲወስደን ነገርኩት። እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተጠጋሁ።

“አባባ” አለችኝ መንገድ ላይ፣ “ሽማግሌዎቹ ቢመጡብኝስ?”

“ወደ እኔ ላኪያቸው” አልኳት።