ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ
በ2003 ዓ.ም. በግንቦት ልደታ ማግስት፣ የሕፃናትን ማኅበራዊና ስሜታዊ እድገት ልትመዝኑ ደብረ ኤልያስ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ የአራት ዓመቷን የእህቴን ልጅ «ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፤ ዘግይታለች» ብላችሁ መዘገባችኋት። በዚህም በተከታዩ መስከረም መዋዕለ ሕፃናት ሳትገባ ቀረች።

አያቴ አጠገቧ ነበሩ። «እኔ ነኝ ያስተማርኋት፤ ታላቅ ፊት ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ እላታለሁ» አሉ።

«አባባ፣ መመዘኛው ይህን አይጠይቅም» ተባሉ።

እኛንም ያሳደጉን በዚያች ቃል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እስኪሞቱ ድረስ አልደገሟትም፤ ልጅቱ ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

ትናንት አርባቸው ወጣ። ልጅቱ ይቀመጡበት በነበረው መደብ ፊት ዛሬም ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ትቆማለች። እኔ አላለቀስሁም። ዘንድሮ ትምህርት ከሚከፈትበት ከመስከረም በፊት መልሱልኝ፦ «ዘግይታለች» የሚለው ውጤት ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም?