በረዶው እስኪቀልጥ

መርዶዬ የጀመረው በቁልፍ ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቅዳሜ ማለዳ። ወደ ሥራ ልሄድ ወጥቼ የመኪናዬን የፊት መስታወት በእጄ ዳበስኩት። በረዶ የለም። ከኅዳር ጀምሮ በየማለዳው ስፍቀው የከረምኩት መስታወት ጤዛ ብቻ ይዞ አድሯል። "ተመስገን፣ አለፈ" አልኩ ጮክ ብዬ። ዘወር ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከመኪና እየወረዱ ነው፤ ቄሱ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው አንድ አዛውንት፣ ባለቤታቸው፣ እንዲሁም ከእኔ ጋር መዝሙር የምታገለግል አንዲት ወጣት። እኔ የምኖረው ከከተማ ርቄ፣ በሰሜን እንግሊዝ ገጠር ነው። ያለ ቀጠሮ ማንም አይመጣብኝም።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?" አሉኝ አዛውንቱ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። እስቲ የመኪናሽን ቁልፍ ስጪኝ።"

"ባትሪ ሞቶብዎት ነው? የማስነሻ ገመድ አለኝ እኮ፣ ከኋላ ነው።"

"ገመዱ ይቆይ። ቁልፉን።"

ሰጠኋቸው። በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተው የካፖርቱን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ያኔ የባለቤታቸውን ነጠላ አየሁ። ጥለቱ ወደ ፊታቸው ወጥቷል። እንዲህ የሚለበሰው ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

"ማን ነው?"

"ግቢ፣ ቤት እንግባ።"

"እዚሁ ንገሩኝ። ማን ነው?"

"እናትሽ" አሉ ቄሱ።

መጮህ ጀመርኩ። ባለቤታቸው ወገቤን ያዙኝ። እየጮህኩ "መቼ?" አልኩ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ወጣቷ መደበቅ አልቻለችም።

"ኅዳር ላይ ነው፣ እትዬ። የኅዳር ሚካኤል ሰሞን።"

ጩኸቴ እዚያው ቆመ። ለትኩስ ሬሳ ይጮኻል፤ ሰልስቷ ወጥቶ፣ አርባዋ ተዘክሮ፣ የመቃብሯ ድንጋይ ተክቦ ላለቀ ሰው እንዴት እንደሚጮኽ ማን አስተምሮኝ? ጎረቤቴ የሆኑት እንግሊዛዊ መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው አዩንና መልሰው ዘጉት። የጠየቅሁት ነገር አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

"ቁልፉን ለምን ወሰዱብኝ?"

"አደራ ተብለን ነው" አሉ አዛውንቱ። "ከአገር ቤት። መጀመሪያ ቁልፏን ተቀበሏት፣ ከዚያ ንገሯት ተባልን።"

መኪናዋን የገዛኋት ለሥራዬ ነው። ሥራዬ ቤታቸው የተኙ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየዞሩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማብላት ነው። ቤቶቹ በኮረብታ ላይ የተበተኑ ናቸው፤ አውቶቡስ አይደርስባቸውም፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ መኪናዬ ደግሞ በረዶ ሲጥል ዳገቱ ሥር ቆማ ትቀር ነበር። ስለዚህ ያገለገለች፣ ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አነስተኛ መኪና ገዛሁ። አባ ጸበል ረጩልኝ። ሚሊኒየሙን ካከበርን ብዙም ሳይቆይ ነው።

እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፤ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ብርድ የሚባለው ደጋ ለዘመድ ጥየቃ ሲወጣ የሚቀመስ ነገር ነው፤ በረዶም ከሰማይ ወርዶ ጣሪያ አንኳኩቶ ወዲያው የሚሞት ነው። የማይሞት በረዶ ያየሁት እዚህ ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት በትንሿ መኪናዬ መስታወት ላይ የጋገረውን በረዶ ለማስለቀቅ ከማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ደፋሁበት። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ለእማ በስልክ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ፍል ውሃ? ዶሮ መሰለችሽ እንዴ፣ ላባዋን ልትነጪ?"

ስለ ጨውም ነግሬያታለሁ። መንገዱ እንዳያንሸራትት ማታ ማታ ትልልቅ መኪናዎች ጨው እየበተኑ ያልፋሉ ስላት አላመነችኝም።

"ጨው? ለአስፋልት?"

"ለአስፋልት፣ እማ።"

"እዚያ አገር ከብት የለም እንዴ?"

እንዲህ ነበር የምናወራው፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ። አንድ ነገር ባልነግራት ይሻለኝ ነበር። በዚያው በመጀመሪያው ክረምት አንድ ማለዳ ቁልቁለት ስወርድ ያቺ ትንሿ መኪናዬ እንደ እንዝርት ዞረችብኝና ቂጧን ቁጥቋጦ አጥር ውስጥ ወሽቃ፣ ፊቷን ወደ መጣሁበት አዙራ ቆመች። እኔ ምንም አልሆንኩም። አስቃታለሁ ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም። እሷ መንገድ ታውቃለች። ደጋ ላይ፣ ገረሴ የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ስትወጣ በዝናብ መኪናው ቀይ ጭቃ ላይ ወደ ገደሉ ሲንሸራተት፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ስትገፋ ኖራለች። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከእኔ ጤና በፊት መንገዱን ትጠይቅ ጀመር።

"መንገዱ እንዴት አደረ?" ትለኛለች። "ደህና አደረ" ስላት ነው "አንቺስ?" የምትለው።

እኔ እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እማ ለመስቀል ገረሴ ወጣች። ደጋ ለመስቀል የወጣ ሰው ቶሎ አይወርድም። ጋሼ የምንለው አጎቴ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ተወጥቶ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወጥታ ደወለችልኝ፤ እያለከለከች። ከዚያ ታናሽ እህቴ "ትንሽ እግሯን አሟታል፤ ኮረብታው ከብዷታል፤ መልእክቷን እኔ አደርስልሻለሁ" አለችኝ። አመንኳት። እህቴን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

እሁድ እሁድ እህቴ ትደውላለች።

"እማ መንገዱ እንዴት አደረ ብላሻለች።"

"ደህና አደረ በያት። ዛሬ ጉልበት ድረስ ጥሏል፤ ግን መኪናዬ ጎበዝ ናት በያት።"

"በረዶው መቼ ነው የሚቀልጠው?"

"ኧረ ገና ነው!"

በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ መቼ ነው የሚቀልጠው? አልቀለጠም? እኔ ደግሞ ለእኔ ተጨንቃ መስሎኝ እንደ ሜትሮሎጂ ሠራተኛ በዝርዝር አስረዳታለሁ። የካቲት ላይ አንድ እሁድ "ቀለጠ!" አልኳት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ወዲያው በማግስቱ ተመልሶ ጣለ፤ ደውዬ ስነግራት ትንፋሿ ሲመለስ ሰማሁት። ለካ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች "ቅዳሜ ንገሯት" ብላ፣ መልሳ "ተዉት፣ ጥሏል" ብላቸዋለች። የእናቴን መርዶ ቀን ስቀጥር የከረምኩት እኔው ነኝ፤ ሳላውቅ።

የበደሉ በደል ይህ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ እህቴ "እማ ለመኪናሽ ምርቃት ልካልሻለች" አለችኝ። "ከፊትሽ ገብርኤል ይቅደም፤ መሪሽን ሚካኤል ይያዝ፤ የሚያዳልጠው ከእግርሽ በታች ውሃ ይሁን።" እጄ ላይ ጻፍኩት። የኛ ሰው ምርቃት እንደ ቀላል አያይም፤ የወላጅ ምርቃት ያልደረሰው ልጅ ቤቱ አይጸናም ይባላል፤ እኔም አምኜበት ያደግሁበት ነው። ሞተር ከማስነሳቴ በፊት በየማለዳው እሱን እደግማለሁ፤ እስትንፋሴ መስታወቱ ላይ እየተነነ። የሰው እናት ላጥብ ስሄድ የእናቴ ቃል ይቀድመኛል እል ነበር። ያ ቃል በመጣልኝ ሰዓት እናቴ አፈር ውስጥ ነበረች።

ከመርዶው በኋላ በነበረው እሁድ ቄሱን ከቅዳሴ በኋላ ጠበቅኋቸው። እግሯን አሟታል ከተባልኩ ጀምሮ የክርስትና ስሟን ለበሽተኞች ጸሎት የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። ጾሜን፣ ስግደቴን ሁሉ "ማርልኝ፣ አስነሣልኝ" እያልኩ ነበር የማቀርበው።

"አባ፣ ስሟን ስሰጥዎት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለማን ጸለዩ? ለበሽተኛ ወይስ ለሙት?"

"እኔ ለነፍሷ ነው የጸለይኩት። ፍትሐትም አድርጌላታለሁ።"

"እኔስ? እኔ የጸለይኩት የት ደረሰ?"

"እግዚአብሔር ያንቺንም ያውቀዋል።"

ያውቀዋል። አልጠራጠርም። ግን እሱም ያውቅ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር፣ ያቺ አብራኝ የምትዘምረው ልጅም ታውቅ ነበር፤ ከእኔ በቀር ያላወቀ አልነበረም። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ፤ ለብዙ ሳምንት ግን ቅዳሴ ሳስቀድስ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። የሰው ፊት ማየት አቃተኝ።

እህቴን ስደውልላት ከመናገሯ በፊት አለቀሰች።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ጋሼ ነው ያለው። 'ብቻዋን ናት፣ የሚይዛት የለም፣ ሰምታ ያቺን መኪና ስታስነሳ ገደል ትገባለች' አለ። ራስሽ አይደለሽ እንዴ አጥር ውስጥ ገባሁ ብለሽ የነገርሽን?"

"ምርቃቱን ማን አለው?"

ልቅሶዋን ቀጠለች።

"እኮ ምርቃቱን! ገብርኤል ይቅደም ያለው ማን ነው?"

"የእሷ ነው... ገብርኤልን እሷ ናት ያለችው፤ ስትደክም። መሪውን እኔ ሳልሆን አልቀርም። ውሃውን... አላውቅም። ስታለቅሽብኝ እየጨመርኩ፣ እየደጋገምኩ ሄድኩ፤ አሁን የቱ የእሷ የቱ የእኔ እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል። ይቅር በይኝ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሲደወልልኝ አላነሳሁም። ሥራዬን እሠራለሁ፤ መኪናዬን እነዳለሁ፤ ዘይቷን እለውጣለሁ፤ ጎማዋን እነፋለሁ። መንገዱ ደርቆ፣ አበባ ወጥቶ፣ የበግ ግልገል በየሜዳው ሲዘል በሰላም እነዳለሁ። በዚያ ሁሉ ክረምት አንድ ቀን እንኳ አላንሸራተተኝም ነበር። ይህንን ለአጎቴ መንገር እፈልግ ነበር፤ ግን ለመንገር ማናገር ያስፈልጋል።

ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝና አነሳሁ። አጎቴ ነው። ኮረብታው ላይ ወጥቷል፤ ነፋሱ ይሰማኛል። ብቻውን አልነበረም።

"ሽማግሌ ይዤ ነው የመጣሁት" አለኝ። "ሣር ይዘናል።"

የጋሞ ልጅ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ ጦር የያዘም ጦሩን ይጥላል፤ ሣር የረገጠ ሰው ከሰው አይቆጠርም። እማ ሁለት ጎረቤታሞች ሊገዳደሉ ሲሉ በሣር ሲቆሙ አይታለች፤ ብዙ ጊዜ አውርታልኛለች።

"ጋሼ፣ ሣሩ እኮ አይታየኝም" አልኩት።

"አንቺ ባታዪው ሣሩ ያይሻል።"

ከኋላው አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

"ምን አሉ?"

"'ባሕር ማዶ ያለ ሰው በሣር ለምነን አናውቅም፣ ጉልበታችን በከንቱ ረጠበ' ነው የሚሉት። ተነሡ በያቸው። እርጥብ መሬት ላይ ተንበርክከዋል።"

"ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርሽና ብትሞቺ ሁለት ለቅሶ ልንቀመጥ ነው?"

"ባልሞትስ ጋሼ? አልሞትኩም እኮ።"

"አሁን ነው አልሞትኩም የምትዪው!" ጮኸብኝ፤ ከዚያ ድምፁ ወረደ። "እህቴ ናት የሞተችብኝ። አንቺን መጨመር ፈራሁ። በቃ። ፈሪ በዪኝ።"

"ይነሡ" አልኩ። ሽማግሌዎች በእኔ ምክንያት ጉልበታቸው እንዲረጥብ ሃይማኖቴም አስተዳደጌም አይፈቅዱልኝም። "ይነሡ፣ ሣሩን አልረገጥኩም።" እልልታ ሰማሁ። እርቁ ወርዷል ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ የታረቅኩ ግን አልመሰለኝም። ሣር አልረገጥኩም ማለት አምኛለሁ ማለት አይደለም። ገረሴ ናት ሲሉኝ ገረሴ ናት፣ ሰላም ብላሻለች ሲሉኝ ሰላም ብላኛለች እያልኩ ሁሉን የማምነውን የድሮዋን እኔን ከየት አምጥቼ ልመልስላቸው?

አሁን ቂም ይዤ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ቂም ይዤ መቁረብ እንደማይሆን አውቃለሁ። ለእህቴም እንደገና እደውላለሁ፤ ስለ ሙዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቿ እናወራለን። የሆነ ነገር ስትነግረኝ ግን ልቤ "ማን ያየ?" ይላል። አንዴ ለደጉ ተብሎ ውሸት የተነገረው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ደግ ነገር ሲነገረው ይፈራል።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ በዚያ ኅዳር ገረሴ አጎቴ ቤት ለነበራችሁ። ራሷን ደግፋችሁ ውሃ ላጠጣችኋት ጎረቤቶች፣ ለንስሐ አባቷ፣ በሩ ላይ ለተቀመጣችሁ ሽማግሌዎች። ሰው እንዳይጎዳ ብላችሁ አታሳምሩልኝ። ምን አለች? ስሜን ጠርታለች ወይስ አልጠራችም? መርቃኝ ከሆነ ቃሉን እንዳለችው፣ ሳትጨምሩ፣ በጋሞኛም ከሆነ በጋሞኛው ንገሩኝ። ሳትመርቀኝ ከሄደችም እሱኑ ንገሩኝ። ግማሹ ብቻ የሚታወሳችሁ ግማሹን ላኩልኝ፤ ሌላውን ባዶ ተዉት። እዚህ ኮረብታው ላይ በረዶ ጥሎ ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ብሆንም፣ ደውሉ። ዳር ይዤ አቆማለሁ።