ጭጋጉ ውስጥ የዞረው ሄሊኮፕተር

ልጅ እያለሁ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር፣ ሊፍቱ ሁልጊዜ የጎረቤት ወጥ በሚሸትበት ረጅም ሕንፃ ላይ ስንኖር፣ ጋሽ ዘውገ ከጎናችን ያለውን አፓርትመንት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የትምህርት ቤት ባስ ይነዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናሆምን በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ብርቱካን እየላጡ ይሰጡናል። ወደ ሆስፒታል በሽተኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር በሰፈራችን ያልፍ ስለነበር፣ ድምፁ ገና እኛ ጋ ሳይደርስ እሳቸው ቢላዋቸውን ያቆማሉ። "መጣ" ይላሉ። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ይመጣል።

ጋሽ ዘውገ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ውስጥ፣ በሄሊኮፕተር ቅኝት ስኳድሮን በሚባለው ክፍል ነበሩ። አብራሪ አልነበሩም፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቀይ ባሕርን ቁልቁል የሚቃኙ ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ደሴቶቹን ይዞራሉ፤ የማን መርከብ የት እንዳለ አይተው ለጦር መርከቦቹ በሬዲዮ ይናገራሉ። "መርከብ ከአድማሱ ወዲያ አያይም፤ ዓይኑ እኛ ነበርን" ይሉን ነበር። ስኳድሮኑ በጥቂት ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች ጀምሮ፣ በኋላ ውሃ ላይ ማረፍ የሚችሉ ትልልቆች እንደ መጡለት፣ በጦርነቱ መጨረሻ የሚነሡበት ወደብ ሲያዝ ደግሞ ሰዎቹ በየአገሩ እንደ ተበተኑ ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

ደስ ብሏቸው የሚያወሩት ግን ማዕበል የወሰዳቸውን ዓሣ አጥማጆች ሊፈልጉ ስለ ወጡባቸው ቀኖች ነበር። አንድ ቀን ብቻ ሲያነሡ ድምፃቸው ይወርዳል። ያን ቀን ወባ ጥሏቸው ስለ ተኙ፣ በእሳቸው ቦታ ጓደኛቸው ተስፋዬ ወጣ። በሬዲዮ "አግኝተናቸዋል፤ እየዞርናቸው ነው" አለ። ከዚያ ጉም ወረደ። ዓሣ አጥማጆቹን መርከብ ደርሶ አወጣቸው። ሄሊኮፕተሩ ግን አልተመለሰም፤ ስባሪ እንኳ አልተገኘም።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ በሰኔ ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ሁላችንንም ጋሽ ዘውገን ጨምሮ ከተማችን ዳር ወዳለው ሐይቅ ወሰደን። አየሩ ሞቆ ነበር፤ ውሃው ግን ገና አጥንት ይሰብራል። እናቴ እንቁላልና ዳቦ ስታቀርብ ናሆም ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የጎማ ፍራሹን ይዞ ዳር ዳሩን ይጫወታል። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ መጣ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እየሳቀ ፎቶ ይነሣ ነበር። ከዚያ አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ጥላ መሰሉ፤ ቀጥሎ ጥላቸውም ጠፋ። እርጥብ ብረት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

"ናሆም!" አለች እናቴ። ናሆም የለም። ፍራሹም የለም።

አባቴ እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ዋናተኞችን የሚጠብቀው ላይፍጋርድ ጎትቶ አወጣው። አንዲት ሴት ለፖሊስ ኮል አደረገች። እናቴ ትጮኻለች፤ ጭጋጉ ጩኸቷን ከአፏ ላይ ይቀበላታል። ያኔ ነው የሰማሁት። ሩቅ ቦታ ምንጣፍ የሚያራግፉ ይመስላል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ወደ ጋሽ ዘውገ ዞርኩ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

"ትሰሚያለሽ?" አሉኝ።

"እሰማለሁ፣ ጋሼ።"

"ምኑን ነው የምትሰሙት? ምንም የለም እኮ!" አለ አባቴ እየተንቀጠቀጠ።

"ዝም በል አንተ! እየዞረ ነው። እንዲህ የሚዞረው ሰው ሲያገኝ ነው።" ክንዳቸውን ወደ ጭጋጉ ዘረጉ። የሞተር ጀልባ ይዞ ለቆመው ላይፍጋርድ "ደር! ፕሊዝ፣ ደር!" አሉት። ላይፍጋርዱ ሌላ የሚይዘው አቅጣጫ ስላልነበረው ይሁን አላውቅም፣ እጃቸው ያመለከተበትን ይዞ ሄደ።

ድምፁ በድንገት ቆመ። ጀልባው ሲመለስ ናሆም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። እናቴ ላዩ ላይ ወደቀች። አባቴ ስለ ሄሊኮፕተሩ በኋላ የደረሰችውን ፖሊስ ሲጠይቃት፣ በዚህ ጭጋግ የሚበር የለም፣ ዛሬም አልተላከም አለችው።

ናሆም ግን "ሰውዬው ፍራሹ ላይ ልነሣ ስል እንዲህ አለኝ" አለና ሁለት መዳፎቹን ወደ ታች ዘርግቶ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረጋቸው።

"ይሄን ማን አሳየህ?" አሉ ጋሽ ዘውገ።

"ኢን ዘ ሄሊኮፕተር ያለው። በሩ ጋ የተቀመጠው።"

ጋሽ ዘውገ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አሉ። "ተቀመጥ፣ አትነሣ፣ ይመጡልሃል ማለት ነው" አሉ ለአባቴ። "ጀልባ ላይ ላሉት ከበሩ ላይ ሆነን እንዲህ ነበር የምናሳያቸው። ለልጆቹ ነግሬያቸው አላውቅም።" ሽማግሌ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። እናቴ መልአክ ነው ብላ ስለት አስገባች። አባቴ ነገሩን ዳግም አላነሣውም።

ጋሽ ዘውገ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ናሆምን ስጠይቀው በእንግሊዝኛ "ሕፃን ነበርኩ" ብሎ ያልፈኛል። የእኔ ልጆች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ደግነው በላያችን የሚያልፈው የቱ አውሮፕላን እንደ ሆነ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይነግሩኛል። ያኔ እኛ ስለ ሰማይ የምናውቀው ጋሽ ዘውገ ብርቱካን እየላጡ ከነገሩን አይበልጥም ነበር። ሐይቅ ዳር ጭጋግ ሲወርድ ልጆቼን አጠገቤ ሰብስቤ አዳምጣለሁ። የሚሰማኝ የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ማንም አልጠፋም ማለት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ያኔ ግን ብንጠፋም የሚፈልገን ነበር።