በሁዳዴ የተነፋው ሳንባ

መምህርት ፅጌረዳ ከወገዳ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው ትምህርት ቤታችን ሳይንስ ስታስተምር አሥራ አንደኛ ዓመቷ ነው። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍላችን የርዳታ እህል ሲመጣ መጋዘን ይሆናል፤ ሳይመጣም ተቆልፎ ይውላል። ስለዚህ ማሳያዋን ከየቤቱና ከየገበያው እየለቃቀመች ታመጣለች። ሌሎቻችን መጽሐፉን እያስገለበጥን ደመወዝ እንበላለን። እኔማ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ምን ላሳይ እያልሁ ራሴን አታልላለሁ።

ባለፈው ዓመት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ገነት የምትባል ተማሪ ነበረቻት፤ ከክፍሉ አንደኛ። አባቷ ጌታነህ ሴት ልጅ ከዚያ በላይ የምትማርበት ምክንያት አይታየውም። ሁለት ጊዜ አስቀርቷት፣ ሁለቱንም ጊዜ ፅጌረዳ ቤቱ ድረስ ሄዳ ለምና መልሳታለች። በመጨረሻም “ክልላዊ ፈተናውን ትፈተን፤ ካለፈች እንነጋገራለን” የሚል ቃል አገኘች። ለፈተናው ሦስት ወር ቀርቶ ነበር።

ትምህርቱ ሳንባ ላይ ደረሰ። ጊዜው ሁዳዴ ነውና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። ፅጌረዳ ወገዳ ሄዳ ጁሃር ከሚባለው ሥጋ ሻጭ ዘንድ የበግ ሳንባ ከነጉሮሮው ጠየቀች።

“መምህርት፣ ጾም ነው፤ ያረድሁትም እኔ ነኝ። ነገር እንዳይመጣብሽ” አላት።

“ማን ሊበላው? ለማየት ነው” አለችው።

በላስቲክ ጠቅልሎ በነጻ ሰጣት። አገራችንን ከእኛ ይልቅ የሚያውቃት እሱ ነበር።

ክፍል ውስጥ የእስክርቢቶ ቀፎ ጉሮሮው ውስጥ ሰክታ ነፋች። አየሩ በጎን እያመለጠ አልነሣ አላት። ይኼኔ ገነት ወጥታ ዙሪያውን በጣቶቿ ጨምድዳ ይዛ ነፋችው። የተኮማተረው ሳንባ እያበጠ፣ እየነጣ ሄደ። የልጆቹን የደስታ ጩኸት ከጎን ክፍል ሆኜ ሰማሁት፤ በዚያ ትምህርት ቤት እንዲያ ያለ ድምፅ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ልጆቹ ገና ቤታቸው ሳይደርሱ ወሬው “መምህሯ በሁዳዴ የእስላም ሥጋ አበላቻቸው” ሆኖ ቀበሌውን አዳረሰ።

በማግስቱ ጌታነህ ልጁንና የንስሐ አባቱን ቄስ ቀለመ ወርቅን ይዞ መጣ። መምህራኑም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ቄሱ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በቶሎ መዝጋት እንደፈለጉ ያስታውቅባቸው ነበር።

“ልጄ፣ ለመሆኑ ልጅቱ በአፏ ነክታለች?” ብለው ፅጌረዳን ጠየቋት።

“አልነካችም፣ አባ። የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።”

ዋሸች። ስትዋሽ አይቻት አላውቅም ነበር።

“እንግዲያማ ልጅቱ ምን አለባት?” አሉ ቄሱ። ጌታነህም ሊነሣ ጋቢውን ሰበሰበ።

ገነት በሩ አጠገብ ቆማለች። “አይ አባ፣ መምህርት ሲነፉትማ አልተነሣም። የተነሣው እኔ ስነፋው ነው” አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ቀን የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ይህንን ለማንም ልትለቅ አልፈለገችም።

ቄሱ ቶሎ ብለው “የልጅ ነገር ነው፤ ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቅ፣ ይበቃታል” አሉ።

“ሥጋውንስ ጠበል ያነጻው፣ አባቴ” አለ ጌታነህ። “ዓይኗን በጨው አጥባ ለምትዋሽ አስተማሪ ግን ልጄን አልሰጥም።”

እጇን ይዞ ወጣ። ሲፈልገው የኖረውን ሰበብ እኛው በእጁ አስጨበጥነው። ፅጌረዳ ለልጅቱ ብላ እንደዋሸች ተነሥቼ ማስረዳት እችል ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሰኔ ፈተናው ላይ ስለ ሳንባ አንድ ጥያቄ መጣ። ልጆቹ ሲወጡ ፅጌረዳን ከበው ሁሉም “አገኘነው” አሏት፤ እሷም “ጎበዞች” አለቻቸው። ገነት ያኔ ወደ እስቴ ተድራ ሁለት ወር ሆኗት ነበር።