በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ታክሲ ተራው አጠገብ እሸት ሽምብራ የምትሸጥ ሴት አየሁና ሁለት እስር ገዛሁ። ወረፋ ላይ ቆሜ አንዱን ፈልፍዬ ስበላ ያ ኮምጠጥ የሚለው የቅጠሉ ጣዕም ጣቴ ላይ ቀረ። ታኅሣሥ መግባቱን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። እሸት ሽምብራ ባየሁ ቁጥር ሰበታ ትዝ ትለኛለች። ከሰበታ ጋር ደግሞ እናቴና አከራያችን ኦቦ ቶሎሳ አብረው ይመጡብኛል፣ ምንም እንኳ አንድም ቀን አብረው ጸልየው ባያውቁም።

እኔና እናቴ ከአዲስ አበባ ወጥተን ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ሁለት ክፍል ስንከራይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው ያረሱ ገበሬ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ደግሞም የገብርኤል ወዳጅ ናቸው። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ይዘክራሉ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በመልአክ ስም የተዘከረ አንበላም። ታዲያ ኦቦ ቶሎሳ የተቆረሰውን ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ እናቴ እጇን ሆዷ ላይ ታደርግና፣ «ዛሬስ ሆዴን አሞኛል፣ አይቀየሙኝ» ትላለች። እሳቸውም «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይመለሳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን ሆዷን የሚያማት በአሥራ ዘጠኝ ብቻ ነበር።

እኔን ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ያኔ ኮሌጅ ጨርሻለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በአራት ቀለም አስምሬዋለሁ፣ እውነትም በእኔ እጅ ብቻ ያለች ይመስለኛል። ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን እናቴ የተለመደውን ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ሆዷን እንዳላመማት፣ የመልአክ ዝክር ስለማንበላ እንደሆነ ፊት ለፊት ነገርኳቸው፤ ጥቅስም ጨመርኩበት። ኦቦ ቶሎሳ ሰፌዱን እንደያዙ ትንሽ አዩኝና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። እኔ ግን ለእውነት የቆምኩ መስሎኝ ኮራሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ወሩ ሳይሞላ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ እኛም ዘንድ ደረሰ። ወጣቱ መንገዱን በድንጋይና በግንድ ዘጋው፤ ከዓለም ገና ወዲህ ጎማ ይነዳል፣ ታክሲ የለም፣ ሱቅ አይከፈትም፣ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። ኦቦ ቶሎሳ ከግቢው ጀርባ ካለው ማሳቸው ዳር ቆመው ሽምብራቸውን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው መሬቴን ይወስዱብኛል የሚለው ስጋት እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። በዚያው ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ እናቴ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና ስንፈልግ አረፈች።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የሚቀበሩት አዲስ አበባ ነበር። እዚያ ያለው ወንድሜም ፓስተራችንም ሊደርሱልን አልቻሉም። አንድ ቀን ጠበቅን፤ መንገዱ አልተከፈተም። በማግስቱ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር ቁጭ አልኩ፤ ያ ሁሉ ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም። ቄሶቹን ለምነው እናቴን በደብሩ ግቢ እንዲያስቀብሩልኝ ጠየቅኋቸው።

«አልለምንም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የደብሩ አፈር ሥርዓት አለው። በሥርዓቱ አምናለሁ፤ ለአንቺ ስል የማላምን አልሆንም። እናትሽም ብትሰማ አትፈቅድልኝም።»

እውነታቸውን ነበር፤ እናቴ አትፈቅድም። ያም ሆኖ ለአንድ አፍታ ጠላኋቸው። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«እርሻዬ ግን አለ» አሉ። «ነገ ይውሰዱት አይውሰዱት አላውቅም። ዛሬ የኔ ነው።»

ማሳው ውስጥ ገብተው ጎንበስ አሉና ገና ያልደረሰውን ሽምብራ በእጃቸው ነቀሉት። የእድሩ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያንን የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ተራ በተራ ቆፈሩ። ከሰፈሩ የተገኘነው ሰባት አማኞች ዘመርን። ኦቦ ቶሎሳ ወደ መዝሙራችን አልቀረቡም፤ ማሳው ዳር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፣ አማተቡ፣ የራሳቸውን ጸሎት ደገሙ። ሱቅ ስላልነበረ የተነቀለውን ሽምብራ ሴቶቹ ጠብሰው ለለቀስተኛው አቀረቡት፤ እኔም በላሁ። ስንመለስ ኦቦ ቶሎሳ አጠገቤ እየሄዱ ቀስ ብለው አወሩኝ።

«እናትሽ በአሥራ ዘጠኝ ሆዷን ሲያማት ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እንደማውቅም ታውቃለች። ዳቦውን ሳላቀርብላት ብቀር ግን ጎረቤቴን ረሳሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ አግብቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ልጆች ወለድኩ። እምነቴ አልተለወጠም፤ ያን ቀን የጠቀስኩትን ጥቅስ ዛሬም አምንበታለሁ። የኦቦ ቶሎሳም አልተለወጠም። ሜትር የያዙት ሰዎች ከጊዜ በኋላ መጥተው ነበር፤ ከማሳው ግማሹ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል። እናቴ ያለችበትን ጥግ ግን ኦቦ ቶሎሳ የቤተሰብ መቃብር ነው ብለው አላስነኩትም፤ አጥሩንም ራሳቸው ናቸው የሚያድሱት።

ትናንት የታኅሣሥ ገብርኤል ነበርና ሰበታ ሄድኩ። መቃብሩን አይቼ ስመለስ ኦቦ ቶሎሳ በዱላ እየተደገፉ ከቤት ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሌላው እጃቸው ሰፌድ ይዘዋል። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ የኮባው ሽታ ይጣራል። ድሮ በራችን ላይ እንደሚቆሙት ፊቴ ቆመው ዘረጉልኝ። እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።

«ዛሬስ ሆዴን አሞኛል፣ አይቀየሙኝ» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ሰፌዱን ዝቅ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀር አየሁ።

«እግዜር ይማርሽ» አሉኝ።