ሴኡል ላይ ዳገቱን የወጣሁ ቀን

ስድሳ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ አጠገቤ ለምትቆመው ወዳጄ ሴኡል ልሄድ መሆኑን ነገርኳት።

«ሲኦል?» ብላ አማተበች።

የኮሪያ ዋና ከተማ መሆኑን ሳስረዳት ደግሞ፣ «ኢየሩሳሌምን ሳትሳለሚ?» አለችኝ።

በስደት በምኖርበት አገር፣ አናንዴል የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ኮሪያዊት ላውንደሪ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ተኩሻለሁ። ከመተኮሻዬ ፊት ለፊት የተሰቀለው ካላንደር ላይ ተራራ ለተራራ የሚሄድ የድንጋይ ግንብ ነበር፤ የድሮው ከተማ ቅጥር ነው። ባለቤቲቱ ልጅ ሳለች ወጥታዋለች። አንድ ቀን እኔም እወጣዋለሁ ስላት ጉልበቴን አይታ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። ግን አልረሳሁትም።

በርክ የሚባል ከተማ የምትኖረው ልጄም ስትሰማ ከሥራዋ ኮል አደረገችኝ።

«ማሚ፣ ኖ። የጉልበት ሰርጀሪ ካደረግሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። ቢያንስ ከግሩፕ ጋር ሂጂ።»

«እዚህ አገርም ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኳት፤ «ያውም አንቺን ታቅፌ።»

የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዬን ቁልፍ ሰጥቻት ሄድኩ።

ሴኡል በገባሁ ማግስት በጠዋት ቅጥሩ ሥር ደረስኩ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ምርኩዜን አየና በእጁ ሜዳ ሜዳውን የሚሄደውን መንገድ አሳየኝ። እጅ ነስቼው ወደ ዳገቱ ዞርኩ።

ደረጃው አያልቅም። ትንሽ እወጣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊቶች እያወሩ ያልፉኛል። እኩሌታው ላይ ስደርስ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ሴት አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ከቦርሳቸው ኪያር አውጥተው ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። ቁልቁል እየጠቆሙ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«አልመለስም፣ እማማ» አልኳቸው በአማርኛ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሱ። ከዚያ በኋላ ፊት ፊት እየሄዱ፣ በየመታጠፊያው ቆመው ጠበቁኝ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ከተማው ሁሉ ከእግራችን ሥር ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ በፎቆቹ መሃል የእጅ መዳፍ ታክላለች። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ፀሐይ እስክትከር ከዚያ አልተነሳሁም።

በማግስቱ ጉልበቴ አብጦ ሆቴል ውስጥ በረዶ ይዤበት ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ምርኩዜን አንስቼ ቅጥሩ የሚቀጥልበትን፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን ኮረብታ መውጣት ጀመርኩ። ለልጄ ፎቶ ላኩላት እንጂ ፈቃድ አልጠየቅኳትም።