የጎሚስታው ኮምፕረሰር

አምቦ ውስጥ ኮምፕረሰር ማለት ጎሚስታ በር ላይ ቆሞ እያጓራ ጎማ የሚነፋው ነው። ሌላ መኖሩን አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ ከዩኒቨርሲቲው የለቀቀ መምህር የተወለትን፣ በእግር እየተረገጡ ድምፅ የሚቀይሩ ሁለት የጊታር ፔዳሎች በካርቶን ይዞ መጣና «አንተ ገጣሚው፣ እንግሊዝኛ ታነባለህ፤ ምን ይላል?» አለኝ። አንደኛው ላይ «ኮምፕረሰር» የሚለውን አይቼ ሳላመነታ መለስኩ።

«ይነፋል። ድምፅህን አየር ይሞላልሃል።»

ሳቀ። ጉደር መንገድ ላይ ባጃጅ ከተገለበጠበት ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደንዝዘው ቀርተዋል። ክሩን አንዴ በኃይል ይመታዋል፣ አንዴ ዳስሶት ያልፋል። ጊታር የሚጫወትበት የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪ እስከ እሁድ ጊዜ ሰጥቶታል፤ ካልተስተካከለ ኪቦርዱ ይበቃል ብሎታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ መድረክ ሌላ ቦታ የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰካነው። አልነፋም። በኃይል የመታው ወረደ፣ የዳሰሰው ወጣ፤ ሁሉም እኩል ሆነ። ለካ ሥራው መጭመቅ ነው።

«ዋሽተኸኛል» አለኝ፤ ፊቱ ግን በርቷል።

እጁን ከክሩ ላይ ሲያነሳ ከስፒከሩ ጥዝታ እያደገ መጣ። ፔዳሉ ደካማውን ሁሉ ያነሳል፤ የአሮጌውን መብራት መስመር ጥዝታም ጭምር። ደካማ ጣትና ቆሻሻ ድምፅ አይለይም።

ሁለተኛውን፣ ዲስቶርሽኑን፣ ረገጠ። ይሄኛው ድምፁን ከአቅሙ በላይ ይገፋና አናቱን ይቆርጠዋል። ድምፁ ሻከረ፤ ነገር ግን የደነዘዘው ጣት ጨርሶ ተደበቀ። አናቱ የተቆረጠ ሁሉ አንድ ቁመት ነው። ከአደጋው በፊት ይጫወት እንደነበረው ሳያቋርጥ ተጫወተ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉ ወንበር ሊደረድሩ የገቡ ሽማግሌ። «ስፒከሩን ቀደዳችሁት?»

«አልተቀደደም ኦቦ፣ ድምፁ እንዲህ ነው።»

«የተቀደደ ሱሪ መልበሳችሁ አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ የተቀደደ ድምፅ!»

እሁድ ኮምፕረሰሩን ብቻ ረገጠ። መዝሙሩ አማረ፤ አንዲትም ድምፅ አልወደቀችበትም። ከዚያ የጸጥታ ጸሎት ሆነ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ፔዳሉን ማጥፋት ረሳ። ጥዝታው ቀስ እያለ አዳራሹን ሞላ። ሰዎች አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገለጡ። የኳየሩ መሪ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ትከሻውን ነካ አድርጎ «ይብቃህ፣ ወንድሜ» አለው።

በሚቀጥለው እሁድ ኪቦርዱ ብቻውን ነበር። ጓደኛዬ ከእኔ አጠገብ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። ሌላው ሲዘምር አፉን እንኳ አልከፈተም። ለእሱ የምለው ቃል ፈለግኩ። ከዚህ በፊት ሳላመነታ የሰጠሁት ቃል «ይነፋል» የሚለው ነበር፤ እሱም ስህተት ነበር።

ስንወጣ ጎሚስታው የባኮ አውቶቡስ ጎማ እየነፋ ነበር። ሁለታችንም ወደዚያ ሳናይ አለፍን።